ፊዚዮቴራፒስቱ ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ
በወላይታ ስለሚያስፈልገው የድኅረ ምረቃ ሥልጠና የቀረበ መግለጫ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በትምህርት ክፍሎቻችን ውስጥ ብዙ ያልተነገረለትን አንድ ጥያቄ ማብራራት ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ በሆስፒታል ውስጥ እንዲሠራ ተምሮ የወጣው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ሕዝቡ በቅርብ ወደሚታከምበት ወደ ጤና ጣቢያ ቢወርድ፣ ከመጀመሪያ ዲግሪው በላይ ምን ዓይነት ትምህርት ያስፈልገዋል? ትምህርቱስ የት ሆኖና በምን መንገድ ቢሰጥ ይበጃል? ለምርመራችን የወላይታን ዞን የመረጥነው፣ ጥያቄው በሐሳብ ብቻ ሳይቀር በየቀበሌው ጎልቶ የሚታየው በዚህ አገር ስለ ሆነ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የአውሮጳ አቈጣጠር የሆኑትን ዓመታት «እ.ኤ.አ.» በሚል ምልክት ለይተናል።

1. የሙያው ትርጉምና አመጣጥ

ፊዚዮቴራፒ ማለት በመድኃኒት ወይም በቀዶ ሕክምና ሳይሆን፣ በእንቅስቃሴ፣ በእጅ ሥራ፣ በሙቀትና በመሳሰለው ዘዴ የደከመን ጡንቻ ማጠንከር፣ የደረቀን መገጣጠሚያ ማላላት፣ መራመድ ያቃተውንም ሰው ዳግመኛ ማስተማር ነው። ሙያው በሰፊው የታወቀው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቍስለኞችና በፖልዮ ወረርሽኝ ምክንያት ነው። የልዩ ልዩ አገሮች ማኅበራትም እ.ኤ.አ. በ1951 ኮፐንሃገን ላይ ተሰብስበው የዓለም ኅብረታቸውን አቋቋሙ።

በመጀመሪያው ዘመን ፊዚዮቴራፒስቱ የሐኪም ትእዛዝ ፈጻሚ ነበር። ሐኪሙ በሽታውን ያውቃል፣ ይጽፋል፤ ፊዚዮቴራፒስቱ የተጻፈውን ይሠራል። ይህ ሥርዓት አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1976፣ በብሪታንያም በ1977 ተለወጠ። ባለሙያው ያለ ሐኪም ወረቀት በሽተኛ ተቀብሎ መርምሮ ማከም ተፈቀደለት። የዛሬው የድኅረ ምረቃ ሥልጠና ጥያቄ የተወለደው ከዚህ ነፃነት ነው። ነፃነት ሲሰጥ ኀላፊነት አብሮ ይመጣልና።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ሕሙማንን እጅና እግር ለማዳን ፊዚዮቴራፒን ከቀዶ ሕክምና ጋር አጣምሮ ሠርቶበታል። ዛሬ የጎንደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲዎች ሙያውን ያስተምራሉ። ይሁን እንጂ ተመራቂው አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ለትልልቅ ሆስፒታሎች ነው። በሌላ በኩል የዓለም ጤና ጉባዔ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ባሳለፈው ውሳኔ፣ የተሐድሶ ሕክምና ከመጀመሪያው የጤና ደረጃ ጀምሮ እንዲሰጥ አባል አገሮችን አሳስቧል። እ.ኤ.አ. የ2019 ዓ.ም. መረጃ የተመለከተ ጥናትም በዓለም ላይ ከዚህ ሕክምና ሊጠቀሙ የሚችሉት ሰዎች 2.4 ቢሊዮን እንደሚደርሱ ገምቷል።

2. የአገሩ ሁኔታ

የወላይታ ዞን በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቈጠራ 1,501,112 ነዋሪዎች ነበሩት። ከእነዚህ ውስጥ በከተማ የሚኖረው ከመቶ 12 እንኳ አይሞላም ነበር። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ350 ሰው በላይ ይኖራልና፣ በአገራችን ሕዝብ ከተጨናነቀባቸው የገጠር ቦታዎች አንዱ ነው። ከዳሞታ ተራራ ሥር የምትገኘው ወላይታ ሶዶ ከአዲስ አበባ፣ ከሻሸመኔና ከአርባ ምንጭ የሚመጡት መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርስቲ፣ የማስተማሪያ ሆስፒታሉና እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተው የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም በዚያው ይገኛሉ። ስለዚህ ከከተማይቱ ለሚኖረው ሰው ሕክምና ሩቅ ነው ለማለት አይቻልም።

ነገር ግን ሰው በሶዶ ብቻ አይኖርም። ከበሌ፣ ከገሱባ፣ ከጉኑኖ፣ ከጠበላ ዙሪያ ያለው ገበሬ ኑሮው ከእንሰት፣ ከስኳር ድንችና ከጎደሬ ማሳው ጋር የተያያዘ ነው። ማሳው ጠባብ ስለ ሆነ የሚታረሰው ከበሬው ይልቅ ብዙውን ጊዜ በሰው ጉልበት ነው። ሴቶች እንሰት ይፍቃሉ፣ ውኃ በጀሪካን፣ ማገዶም በጀርባ ያመላልሳሉ። በእንዲህ ያለ ኑሮ ወገቡን ወይም እግሩን የታመመ ሰው በሽተኛ ብቻ ሳይሆን ሥራ ፈት ይሆናል፤ ቤተ ሰቡም ይራባል።

እዚህ ላይ አንድ ቍም ነገር ማስተዋል ይገባል። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው እህሉን ወይም ፍየሉን ሽጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ አንድ ጊዜ ሶዶ ደርሶ ታክሞ ሊመለስ ይችላል። የፊዚዮቴራፒ ሕክምና ግን በአንድ ቀን አያልቅም። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት መመላለስን ይጠይቃል። የበሌ ሰው የሞተርና የአውቶቡስ ኪራይ እየከፈለ ይህን ሁሉ ጊዜ ሊመላለስ አይችልም። እንግዲህ ከሕክምና ዓይነቶች ሁሉ ለበሽተኛው ቤት ቅርብ መሆን የሚገባው ይህ ሆኖ ሳለ፣ በተግባር ግን ከሩቆቹ አንዱ ሆኖ ይገኛል። የጽሑፋችን መሠረተ ሐሳብ ይህ ነው።

የጤና አገልግሎቱ አደረጃጀት ለዚህ መፍትሔ አመቺ ነው። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መሠረት፣ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ አንድ ጤና ኬላ ይቋቋማል፤ በገጠር ከ15,000 እስከ 25,000 ለሚሆን ሕዝብ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚሆነውም አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አለ። በየጤና ኬላው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የእያንዳንዱን ቤት ደጃፍ ያውቁታል። የጎደለው በጤና ጣቢያው ደረጃ ተቀምጦ እነርሱን የሚመራና የሚያስተምር የተሐድሶ ባለሙያ ነው።

3. ባለሙያው በጤና ጣቢያ የሚገጥሙት በሽታዎች

ሀ/ ዝሆኔ። በወላይታ ከፍ ያለ ስፍራ የሚታየው የእግር እብጠት በትንኝ ከሚተላለፈው የዝሆኔ ዓይነት የተለየ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባደረገው ምርምር፣ በሽታው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ መሆኑን አስረድቶ፣ እግርና አቧራ ከሚሉት የግሪክ ቃላት «ፖዶኮኒዮሲስ» ብሎ ሰየመው። የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣት በቆዳ ገብቶ ሊምፍ የተባለውን ፈሳሽ የሚያጓጕዙትን ቧንቧዎች ያቈስላል፤ ፈሳሹም በእግር ይጠራቀማል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ከመቶ ሰው 5.46 በዚህ በሽታ መያዙን አሳይቷል፤ ይህም ከሃያ ሰው ከአንድ በላይ ማለት ነው። በ2006 የታተመው ደግሞ፣ አንድ በሽተኛ በዓመት ከሚሠራባቸው ቀኖች ከመቶ 45 ያህሉን እንደሚያጣ፣ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ባለው ዞንም ኪሳራው በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንደሚበልጥ አሰላ። በሽታው በዘር የመጠቃት ዝንባሌ እንዳለበትም እ.ኤ.አ. በ2012 ከወላይታ በተወሰዱ 194 በሽተኞችና 203 ጤነኞች ላይ በተደረገ ምርመራ ተረጋግጧል። ስለሆነም «እርግማን ነው» ወይም «ይጋባል» የሚለው የአገሬው ግምት ሁለቱም ስሕተት ነው።

ሕክምናው ቀላል ነው። እግርን በየቀኑ በሳሙናና ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ውኃ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰር፣ ቍርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፣ ሲያርፉ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ከዚያም ዘወትር ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። በምሥራቅ ጎጃም ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የንጽጽር ጥናት፣ ይህን ሥርዓት የተከተሉት በሽተኞች በዓመት የሚያዩት ድንገተኛ የእግር ትኵሳትና ሕመም 19.4 ጊዜ፣ ያልተከተሉት የሚያዩት ግን 23.9 ጊዜ መሆኑን አሳይቷል። ልዩነቱ ለሩቅ ተመልካች ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ሕመም ቀናት በመኝታ የሚያውል ስለ ሆነ፣ ለገበሬው የእርሻ ወራትን ማትረፍ ነው። በሶዶ እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተው የእግር እብጠት ሕክምናና መከላከያ ማኅበር የዳኑ በሽተኞችን ራሳቸውን አሠልጥኖ ሌሎችን እንዲረዱ በማድረጉ፣ ይህ ሥራ በመንደር ደረጃ ሊሠራ እንደሚችል አስመስክሯል።

ለ/ የወገብ ሕመም። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው የወገብ ሕመም እንደ ነበረበት ተገምቷል። ከታማሚዎቹ አብዛኛው ከባድ ምክንያት የሌለው፣ በእንቅስቃሴና በምክር የሚሻለው ነው። ችግሩ ያለው ጥቂቱን ከብዙው በመለየት ላይ ነው። በአንድ ሆስፒታል ውስጥ በልምምድ ላይ ሳለን ያየነውን እዚህ ላይ መጥቀስ ይገባናል። አንዲት እናት «የወገብ ሕመም» የሚል ወረቀት ይዘው መጡ። እኛም ወረቀቱን አምነን በመዝገባችን «የወገብ ሕመም» ብለን ጻፍን፤ እንቅስቃሴም አስተማርናቸው። እርሳቸውም እያመማቸው በትጋት ሠሩት። ሌሊት ያልብዎታልን? ከስተዋልን? ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። ከሳምንታት በኋላ እግራቸው መዛል ሲጀምር የአከርካሪ ቲቢ መሆኑ ታወቀ። ጥፋቱ የእጃችን አለመሥልጠን አልነበረም፤ እንቅስቃሴውን በደንብ አስተምረን ነበር። ጥፋቱ «ከእኔ በፊት ሌላ ሰው መርምሯል» የሚለው አስተሳሰብ ነበር። በጤና ጣቢያ ደግሞ ከፊዚዮቴራፒስቱ በፊት የመረመረ ሰው አይኖርም።

ሐ/ ስብራትና ውልቃት። የወላይታ ሰው እጁ ሲሰበር፣ እንደ ብዙው የአገራችን ሰው፣ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻው ቅርብ ነው፣ ዋጋውም ርካሽ ነው፣ ሰውም ያከብረዋል። ብዙ ጊዜም ይቀናዋል። ነገር ግን ስብራቱን በቀርከሃ ስንጣሪ አጥብቆ ባሰረ ጊዜ ደም መዘዋወሩን ያቆምና ክንድ ወይም እግር እስከ መቈረጥ ይደርሳል። ይህ በአገራችን ሆስፒታሎች የታወቀ ጉዳት ነው። በጤና ጣቢያ የተቀመጠ ባለሙያ ወጌሻውን ጠላት ሳያደርግ፣ የጣት መቀዝቀዝና መደንዘዝ የአደጋ ምልክት መሆናቸውን ቢያስረዳው፣ ማሰሪያውንም በየቀኑ እንዲያይ ቢስማማ፣ ስንት ልጅ እጁ በተረፈለት ነበር!

መ/ የሕፃናት ጕድለት። ቆልማማ እግር ይዞ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተገኘ፣ በየሳምንቱ በሚለወጥ ጀሶ፣ አብዛኛውን ጊዜም ተረከዝ ላይ በሚደረግ ትንሽ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያም እስከ አራትና አምስት ዓመት ሌሊት በሚደረግ ልዩ ጫማ ይስተካከላል። ስለዚህ የሕፃኑ ዕድል የሚወሰነው ወላድ እናት ከምታየው የመጀመሪያ የጤና ሠራተኛ ዓይን ነው። ስትሮክ የመታውንና ቤት የዋለውን ሽማግሌ በዚሁ አንጻር ማሰብ ይቻላል።

4. ሥልጠናው ምን ይያዝ?

ከዚህ በላይ ካየናቸው ምሳሌዎች፣ የመጀመሪያ ዲግሪው የማይሰጣቸው አራት ነገሮች ተለይተው ይወጣሉ።

1ኛ/ ለይቶ ማወቅ። ባለሙያው በእንቅስቃሴ የማይድነውን በሽታ፣ ማለትም ቲቢን፣ ዕጢን፣ የአጥንት መመርቀዝን፣ የነርቭ መጨፍለቅን፣ ለመጠርጠር መሠልጠን አለበት። ስሙን ሁሉ በትክክል እንዲያውቅ አይጠበቅበትም፤ «ይህ የእኔ አይደለም» ብሎ በጊዜ መላክን ግን ማወቅ አለበት።

2ኛ/ ዘላቂ በሽታን መከታተል። በሆስፒታል የሚሠራው ሰው በሽተኛውን አድኖ ያሰናብታል። የዝሆኔ፣ የስኳርና የስትሮክ በሽተኛ ግን አይሰናበትም፤ ለዓመታት አብሮ የሚኖር ነው። መዝገብ አያያዝ፣ የቀረውን በሽተኛ መፈለግ፣ ለምን እንደ ቀረ መጠየቅ የዚህ ትምህርት ክፍል ናቸው።

3ኛ/ ማስተማር። አንድ ሰው ለ20,000 ሕዝብ በእጁ ሊደርስ አይችልም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን፣ የበሽተኛውን ልጅ፣ ወጌሻውንም ካላስተማረ ሥራው ከቢሮው በር አያልፍም። ለዚህም ወላይትኛ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከሌላ አገር የመጣ ባለሙያ ቢያንስ ስለ ሕመምና ስለ አካል የሚነገረውን ቃል ሊማር ይገባዋል።

4ኛ/ ወሰንን ማወቅ። ራጅ ማዘዝ፣ የሕመም ማስታገሻ መስጠት፣ የሪፈር ወረቀት መጻፍ ለማን እንደ ተፈቀደ በሕግና በደንብ መገለጽ አለበት። ደንቡ ሳይታወቅ ኀላፊነቱ ቢሰጥ፣ ስሕተት በተፈጠረ ቀን የሚወቀሰው ከሁሉ ታናሹ ሠራተኛ ይሆናል።

5. በምን መንገድ ይሰጥ?

በብሪታንያ ፊዚዮቴራፒስቶች በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ቤት በሽተኛ ፊት ለፊት እንዲቀበሉ ሲወሰን፣ ሥልጠናው በማስተርስ ደረጃ ሆኖ በሁለት እርከን ተከፍሏል። ባለሙያው ከምረቃ በኋላ በሥራ ላይ ልምድ ካካበተ በኋላ በመጀመሪያው እርከን ዕውቀቱ ይመዘናል፤ በሁለተኛው ደግሞ በሥራው ቦታ፣ በአሠልጣኝ ዓይን ሥር፣ ዕውቀቱን በበሽተኛ ላይ እንዴት እንደሚጠቀምበት ይታያል። ከዚህ የምንማረው ሥርዓቱን መቅዳት ሳይሆን፣ ፈተናው ከወረቀት አልፎ በሥራ ቦታ መሆን እንዳለበት ነው።

አብነቱን ለማግኘት ግን ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረ ሰብ ነርሷንና የጽዳት ባለሙያውን በአንድነት ያሠለጥን ነበር። ተማሪዎቹም በጤና ጣቢያ አብረው እየኖሩና እየሠሩ ሙያቸውን ተምረዋል። እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2009 በተጀመረው የማስተርስ ፕሮግራም የጤና መኮንኖች ድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና ማዋለድ ተምረው ወደ ወረዳ ሆስፒታሎች ተሰማርተዋል። ይህም በሚገባ የተመጠነ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ባለሙያን ወደ ሕዝቡ ሊያቀርብ እንደሚችል በአገራችን የተፈተነ ማስረጃ ነው።

በእነዚህ ላይ ተመሥርተን የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ሠልጣኙ ሁለት ዓመት ያህል በሆስፒታል የሠራ ይሁን። ትምህርቱ ከግማሽ በላይ በጤና ጣቢያ ይሰጥ። ለምሳሌ አንዱ ወቅት በአረካ፣ ሌላው በበሌ ወይም በጠበላ ዙሪያ ቢሆን፣ ሠልጣኙ የደጋውንም የቈላውንም በሽታ ያያል። ከጤና መኮንኑና ከነርሱ ጋር በአንድ ክፍል በሽተኛ ይይ፤ በሳምንት አንድ ቀን ወደ ጤና ኬላ ይውረድ። የመመረቂያ ሥራውም በመደርደሪያ የሚቀመጥ ጥራዝ ከሚሆን፣ በአንድ ቀበሌ የተከታተላቸው በሽተኞች መዝገብ ይሁን። ስንቱ ጫማ እንዳደረገ፣ ስንቱ ወደ ማሳው እንደ ተመለሰ፣ ስንቱስ እንደ ቀረና ለምን እንደ ቀረ ከመዝገቡ ይነበብ።

6. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንዳንዶች «ለሆስፒታሉ እንኳ ያልበቁትን ባለሙያዎች ወደ ጤና ጣቢያ መበተን ይገባልን?» ይሉ ይሆናል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ሁሉንም ጤና ጣቢያ በአንድ ጊዜ መሙላት አይቻልም፤ መሞከርም የለበትም። ነገር ግን አንድ ባለሙያ በአንድ ወረዳ ተቀምጦ በዙሪያው ያሉትን ጤና ጣቢያዎች በተራ ቢጐበኝ፣ ዛሬ ሆስፒታል ደርሰው ከሚታከሙት የሚበልጡ ሰዎች ይደርሳል ብለን እናምናለን።

ሌሎች ደግሞ «ማስተርስ የተቀበለ ሰው በገጠር አይቈይም፤ ዲግሪውን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ ይሄዳል» ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ራሳችንንም ብንመረምር ከዚህ ሐሳብ ንጹሕ አይደለንም። ስለዚህ ሥልጠናው ብቻውን አይበቃም። የጤና ጣቢያው ፊዚዮቴራፒስት በደመወዝና በዕድገት ከሆስፒታሉ ባልደረባው ማነስ የለበትም፤ ከአገሩ ልጆች መካከል ተመርጦ ቢሠለጥንም ይሻላል። ገጠር መሥራት የቅጣት ስም እስከ ሆነ ድረስ የትኛውም ሥርዓተ ትምህርት አያድነንም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሐኪሞች ወገን የሚመጣ ነው፤ «ያልተማረ ሰው በሽታ ይለያል ወይ?» የሚል። መልሳችን አጭር ነው። በጤና ጣቢያ ብዙ ጊዜ ሐኪም የለም፤ ምርጫውም በሐኪምና በፊዚዮቴራፒስት መካከል ሳይሆን፣ በሠለጠነና ባልሠለጠነ ዓይን መካከል ነው።

7. ማጠቃለያ

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የሞከርነው፣ ፊዚዮቴራፒ ተደጋጋሚ ሕክምና እንደ መሆኑ መጠን ለበሽተኛው ቤት ቅርብ ሊሆን እንደሚገባው፣ ባለሙያውም ወደዚያ ከመውረዱ በፊት ለይቶ ማወቅን፣ መከታተልን፣ ማስተማርንና ወሰኑን ማወቅን ሊማር እንደሚያስፈልገው ነው። ዩኒቨርስቲው፣ ሆስፒታሎቹ፣ ጤና ጣቢያዎቹና የእግር እብጠት ሥራ ልምድ ሁሉም በሶዶ ዙሪያ ስላሉ፣ ሥራውን በትንሹ፣ በአንድ ወረዳና በጥቂት ሠልጣኞች መጀመር ይቻላል።

ከላይ የጠቀስናቸው እናት እያመማቸው ያዘዝናቸውን እንቅስቃሴ በትጋት ሲሠሩ እኛ «ጐበዝ» እያልናቸው ነበር። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ያ ትዝታ ነው።